የአርችዌይ ፊታውራሪ

ባለፈው ቅዳሜ ሆሎዌይ መንገድ ላይ ከአውቶቡስ ስወርድ የፈረስ ፋንድያ ሸተተኝ። የእግር ኳስ ጨዋታ ያለበት ቀን ስለነበር ፈረሰኛ ፖሊሶች መንገዱን ይዘው ወደ ስታዲየሙ የሚጎርፈውን ሰው ያሳልፋሉ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር፤ እርጥቡ አስፋልት ላይ የወደቀው ፋንድያ ይጨሳል። አጠገቤ የቆመች ወጣት አፍንጫዋን በስካርፏ ሸፈነች። እኔ ግን አየሩን እስኪበቃኝ ሳብኩትና ብቻዬን ሳቅሁ። ልጅቷ ጤንነቴን ሳትጠራጠር አልቀረችም፣ ፈቀቅ ብላ ቆመች። አልፈርድባትም። እሷ በዚህ ከተማ ፊታውራሪ ሆና አታውቅም፤ እኔ ግን ሆኜ አውቃለሁ።

ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። እኔና እናቴ አርችዌይ ውስጥ፣ ሊፍቱ ከሚሠራበት ቀን የሚቆምበት በሚበዛበት የካውንስል ሕንፃ ላይ እንኖር ነበር። ከኛ በላይ ባለው ፎቅ ሻምበሉ ይኖሩ ነበር። ሻምበልነታቸው ከንጉሡ ጦር የመጣ ነው፤ ለንደን የሰጠቻቸው ሥራ ግን ፓርክ ሮያል ውስጥ ሰላጣ ማሸግ ነበርና እሱኑ ሲያሽጉ ኖረው ጡረታ ወጡ። ሚስታቸው ሞታለች፣ ልጅ አልነበራቸውም። ጠዋት ጋዜጣ ሊገዙ ደረጃውን ሲወርዱ የጫማቸው ድምፅ እኩል ስለነበር እናቴ «ሰልፉ አለፈ፣ ተነሺ!» እያለች ነበር የምትቀሰቅሰኝ። ካውንስሉን «ማዘጋጃ ቤት» ይሉታል። ሰላምታቸውም፣ ቁጣቸውም፣ ቀልዳቸውም ከአገር በወጡበት ዘመን እንደነበረ የቀረ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ማኅበራችን በሚከራያት ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ለእኛ ለልጆቹ አማርኛ ያስተምሩን ነበር። አዳራሿ የወለል ሰምና የእርጥብ ካፖርት ሽታ ነበራት፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከወጣች ደግሞ በረጃጅሞቹ መስኮቶች የሚገባው ብርሃን ወንበሮቹን ሁሉ ቢጫ ያደርጋቸዋል። ሻምበሉ ፊደል ያስቆጥሩናል፣ ያስነብቡናል፤ ከዚያ መጽሐፉን ያጥፉና «እሺ፣ የት ደርሰን ነበር?» ይላሉ። ያን ጊዜ በእንግሊዝኛ የሚንሾካሾከው ሁሉ ጸጥ ይላል። የሚነግሩን የቅድመ አያታቸውን ታሪክ ነበር።

ቅድመ አያታቸው ስልክና መኪና ባልነበረበት በነገሥታቱ ዘመን የጠረፍ ምሽግ አዛዥ ነበር። «ነበሩ» ማለት ነበረብኝ፤ ነገር ግን ሻምበሉ ራሳቸው «እሱ» እንጂ «እሳቸው» አይሉትም ነበር፤ ጀግና የሚጠራው በአንተ ነው ይሉናል። ሰውዬው በወጣትነቱ የንጉሡን ደጅ ሲጠና ከርሞ ከርሞ፣ በመጨረሻ ባሻ ተባለና ማንም ወደማይፈልገው ቆላ ተላከ። የመጀመሪያው ምሽግ የእሾህ አጥር፣ አንድ የውሃ ጉድጓድና የጨው ነጋዴዎች የሚያልፉበት መንገድ ነበር። ሥራው ግመሎቹ በየተራቸው እንዲጠጡ ማድረግ ነው። እኛ «ጦርነቱስ መቼ ነው?» እያልን ስንነዘንዛቸው ሻምበሉ ይስቃሉ። «መጠበቅ ነው ሥራው፣ ልጆች! ዓመት ሙሉ ትጠብቃለህ፣ ግማሽ ቀን ትዋጋለህ፤ እሱም ከደረሰህ ነው።»

ሁለተኛው ምሽግ የወንዝ መሻገሪያ ላይ ነበር። እዚያ ንዳድ ጣለውና የአገሩ ሰው የሆነች አንዲት ሴት አስታማ አዳነችው፤ እሱም ድኖ አገባት። ሦስተኛው ብርዳም የተራራ በር ነው። አንድ ቀን በጉም ውስጥ ጠላት መጣ ብሎ ነጋሪት አስመታ፣ ጦሩን አሰለፈ፣ አስተኮሰ፤ ጉሙ ሲገለጥ የሸሸው የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ነበር። ይህን ሲነግሩን ሻምበሉ ራሳቸው ጭላዳ ሆነው ከወንበር ወንበር ይዘሉ ነበር። ፊታውራሪነቱን ያገኘው ግን እዚያው ተራራ ላይ ነው፤ ፈረሱንም እዚያው ገዛ። የፈረሱ ስም ይቆየኝ ነበር። በዚያ ዘመን ጀግና በፈረሱ ስም ስለሚጠራ፣ ሰውዬውም ከዚያ ወዲያ «አባ ይቆየኝ» ሆኖ ቀረ።

ከዚያ አራተኛው ምሽግ ይመጣል። ችግሩም ያለው እዚያ ላይ ነበር።

በዚያ ዓመት የፀደይ ወራት ላይ ሻምበሉ ሁለተኛውን ከሦስተኛው ማምታታት ጀመሩ። ወንዙን ተራራው ላይ ያወጡታል፣ ግመሎቹን ጉም ውስጥ ያስገቧቸዋል። እኛ ልጆቹ እያረምናቸው እንሳሳቅ ነበር፤ እሳቸውም አብረውን ይስቃሉ። አንድ ቀን ግን አራተኛው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ጠበቅን። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ፣ አነሱት፣ እንደገና አደረጉ። «ዛሬ ይብቃን» ብለው አሰናበቱን። አብሬያቸው ወደ ቤት ስሄድ ኮረብታው መሀል ላይ ቆመው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና «እየሾለከብኝ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «አራተኛውን አጥቼዋለሁ። አባቴ ለእኔ ብቻ ነው የነገረኝ፤ እኔም ወንድም እህት የለኝም። እኔ ከረሳሁት አባ ይቆየኝ ሞተ ማለት ነው። እስካሁን አልሞተም ነበር።» እጃቸውን ያዝኩና ቀሪውን መንገድ እንደዚያው ወጣን።

ከአስመራ የመጡ፣ አማርኛቸው ከእኛ ሁሉ የጠራ አንድ አዛውንት ጓደኛ ነበሯቸው። እሳቸው ነገሩን ሲሰሙ የቴፕ መቅረጫቸውን ይዘው መጡ። «የቀረውን እንኳ እንቅዳው እንጂ!» ሻምበሉ ቴፑን ገፋ አደረጉት። «ቴፕ አይፎክርም፣ ወንድሜ። ይህ ነገር ሰው ነው የሚፈልገው።» በዚህ ተከራክረው ተከራክረው፣ በመጨረሻ ለእንቁጣጣሽ በዓል የአባ ይቆየኝን ታሪክ ተማሪዎቹ በቴአትር እንዲያሳዩት ተስማሙ። አራተኛው ምሽግ እስከዚያ ይመጣልኛል አሉ ሻምበሉ።

አባ ይቆየኝ የሚሆን ወንድ ልጅ ተፈለገ። አንዱ «ኖ ዌይ፣ ሻምበል፣ ጓደኞቼ ይስቁብኛል» አለ፤ ሌላው «ፊታውራሪ» የሚለውን ቃል ለማለት ሲታገል ጊዜው አለቀ። እኔ እጄን አወጣሁ። ማታ እናቴ ስትሰማ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ቀረች። «ሴት ልጅ ናት እኮ፣ ሻምበል!»

«ማዕረግ የሚሰጠው ለሚችለው ነው» አሉ ሻምበሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ «አንቺ» ማለታቸውን ተዉ። «ፊታውራሪ፣ ይቀመጡ»፣ «ፊታውራሪ፣ ሻይዎ በረደ» ይሉኛል። እናቴ «ልጄን አበላሹብኝ፣ ሳህን እጠቢ ስላት ጋሻ ጃግሬዬ ይጠብ ትለኛለች» እያለች ትከሳቸው ነበር። እውነቷን ነው፤ ብዬአታለሁ።

ያ በጋ በሕይወቴ ከሳቅሁባቸው ወራት ሁሉ ይበልጣል። ጎፈሩን እናቴ ብሪክስተን ገበያ ሄዳ ካመጣችው ረጅም ጸጉር ካለው የመታጠቢያ ቤት ምንጣፍ ሠራችው፤ በራሴ ላይ ስደፋው የሳሙና ሽታ ነበረው። ጦሩ የመጋረጃ ዘንግ ነው። ጋሻው ሰው የጣለው የሳተላይት ሳህን ነበር፤ ሻምበሉ ጥቁር ቀለም ቀብተው በወርቃማ ወረቀት ጉብጉብ ሠሩበት። ሳህኑ ዛሬም እናቴ ሰገነት ላይ አለ፣ ጌሾ ልታበቅልበት ትሞክራለች፤ እስካሁን እሺ አላላትም።

ፉከራውን የተለማመድነው ከአርችዌይ ኮረብታ በላይ ባለው መናፈሻ ውስጥ ነው። ሻምበሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ እኔ ሣሩ ላይ እቆማለሁ። «አይጩኹ፣ ፊታውራሪ። የሚጮህ ሰው የፈራ ነው። ከዚህ ያውጡት» ብለው በከዘራቸው ሆዴን ይነካሉ። እኔም ከዚያ ለማውጣት እታገላለሁ፦

«ዘራፍ! አባ ይቆየኝ፣ የውሃው ዳር ዘብ፣
ንዳድ ያላሸሸው፣ ያልፈታው ረሀብ፤
ጠረፍ ለጠረፍ ዞሮ ያረጀ፣
ሥራው ሳይፈጸም ልቡ ያልጃጀ!»

ውሻ የሚያንሸራሽሩት ሰዎች ቆመው ያዩናል። አንድ ቀን አንድ ትልቅ ቡናማ ውሻ ራሱን ወደ ሰማይ አንጋጦ አብሮኝ አላዘነ፤ ባለቤቱ ይቅርታ እየጠየቀች ትጎትተዋለች፣ ሻምበሉ በሳቅ እንባቸው ይወርዳል። «ይኸው፣ ጦርዎ መጣልዎት!» አሉኝ።

አራተኛው ምሽግ ግን አልመጣም። አንድ ሳምንት በረሃ ነው ይላሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት አይደለም፣ ሐይቅ አጠገብ ነው ይላሉ፤ ከዚያ ሁለቱንም ይተዋሉ። በበዓሉ ዋዜማ አንድ ምልክት ተስማማን። ሦስተኛውን ምሽግ ጨርሼ ወደ እሳቸው አያለሁ። ከመጣላቸው ተነስተው መድረኩ ላይ ወጥተው ራሳቸው ይናገሩታል። ካልመጣላቸው አንገታቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ እኔም በቀጥታ ወደ ፉከራው እገባለሁ። «ማንም አያውቅም ጎደሎ መሆኑን» አሉኝ፤ ሊያጽናኑኝ ፈልገው ነው።

የበዓሉ ቀን አዳራሿ ጢም አለች። ሺፍት ለውጦ የመጣ አለ፣ ከነዩኒፎርሙ የመጣ አለ፣ ሽማግሌዎቹ ከነካፖርታቸውና ከነጃንጥላቸው ፊት ለፊት ተደርድረዋል። የአዳራሹ ጠባቂ፣ ቀልድ የማያውቅ እንግሊዛዊ፣ ቁልፎቹን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። እኔ ምንጣፌን ደፍቼ፣ ሳህኔን አንግቤ ወጣሁ። ግመሎቹ በየተራቸው ጠጡ። ንዳዱ ጣለኝ፣ ሚስቴ አዳነችኝ፤ ሚስቴ ትምህርት ቤት ውስጥ የማልወዳት ልጅ ነበረች፣ መድኃኒቱን ሆነ ብላ ጎፈሬ ላይ ደፋችው። ለጭላዳዎቹ ሲተኮስ ሕዝቡ በሳቅ አዳራሹን ሊያፈርሰው ነበር።

ሦስተኛው ምሽግ አለቀ። ወደ ሻምበሉ አየሁ። ፊታቸው የመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ነበር። ለረጅም ጊዜ አዩኝ፤ ከዚያ አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ።

ታሪኩ እዚያ ላይ መቆሙ ነው፤ ሰውዬው ተራራ ላይ ጉም ውስጥ ሊቀር ነው። ንዴትም ተሰማኝ፣ ፍቅርም ተሰማኝ፤ ሻምበሉ በጋ ሙሉ በከዘራቸው እየነኩ ሊያስተምሩኝ የደከሙበት የሆዴ ቦታ ያን ጊዜ በራሱ ተከፈተ። «ዘራፍ!» አልኩ። ድምፁ የኔ አልመሰለኝም። እስከ መጨረሻው ፎከርኩ፤ በጦሬም ወለሉን መታሁ።

እንግዲህ ፉከራን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አንድ ሰው ከተነሳ ሌላው ወንበር አይችለውም። መጀመሪያ የአስመራው አዛውንት ተነሱ። ጃንጥላቸውን መዘዙና «ዘራፍ!» ብለው የአያታቸውን ሙያ አወረዱት። እሳቸው ሳይጨርሱ አንድ ታክሲ ነጂ ዘለለ። ከሱ ኋላ የሆስፒታል ጽዳት የሚሠሩት ሰውዬ፣ ከሳቸው ኋላ ወገቤን አሞኛል ብለው ለሕክምና ወረፋ የያዙት ሌላው ሽማግሌ፤ ወገባቸውም ያን ቀን ምንም አላላቸው። ጃንጥላ ይወዛወዛል፣ ወንበር ይገለበጣል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ። ቴአትሩ ቀረ። እኔ መሀላቸው ሳህኔን ይዤ ቆሜያለሁ፣ እነሱም እየመጡ ፊቴ ላይ ያቅራራሉ።

በሩ ላይ ያለው እንግሊዛዊ ያየውን አስቡት። ሽማግሌዎች ጃንጥላ እየወዘወዙ አንዲት ልጅ ላይ ይጮኻሉ። ፖሊስ ጠራ። እኔ በሱ ቦታ ብሆን እኔም እጠራ ነበር።

ቀኑ የጨዋታ ቀን ስለነበር ቀድመው የደረሱት ፈረሰኞች ናቸው። የኮቴ ድምፅ ስንሰማ ሁላችንም ወደ ግቢው ወጣን። አንዲት ፖሊስ ከትልቅ ዳማ ፈረስ ላይ ሆና ቁልቁል አየችን። አለቃችሁ ማን ነው አለች። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ጠቆመ፤ ሻምበሉም «ፊታውራሪ፣ ይመልሱላት» አሉኝ። እኔም፣ ራሴ ላይ ምንጣፍ እንዳለ፣ ጠብ አይደለም፣ ስለ አያቶቻችን እየተኩራራን ነው አልኳት። የማን አያት አለችኝ። የሁሉም አልኳት። ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሻምበሉ ወደ ፈረሱ ተጠግተው ነበር። ማንም አልከለከላቸውም። ፈረሱ ከጨዋታው ሕዝብ መሀል መጥቶ ላብ አልቦታል፤ የላቡና የቆዳው ሽታ፣ የፋንድያውም ሽታ ግቢውን ሞልቶታል። መዳፋቸውን አንገቱ ላይ አሳረፉ። ግንባራቸውን አስጠጉ። ፈረሱ ጆሮውን ወደ እሳቸው አዞረ። ቆዩ፤ እኔ አለቀሱ ብዬ ፈራሁ። ዞር ሲሉ ግን ፊታቸው የልጅ ፊት ሆኗል።

«በረሃው ዳር ነው!» አሉ። «አራተኛው በረሃው ዳር ነው! አባቴ ሲነግረኝ ፈረስ እያሸ ነበር!»

እዚያው ግቢ ውስጥ፣ እጃቸውን ከፈረሱ ላይ ሳያነሱ፣ አንድም ቃል ሳይሰናከሉ ነገሩን። እኔም ለፖሊሷ እየተከተልኩ ተረጎምኩላት።

አባ ይቆየኝ በረሃው ዳር አርጅቶ ነበር። ንጉሡ ሽረውት በቦታው ሌላ ሰው ሾመዋል፤ የመሻሩን ወሬ የያዘው መልእክተኛ ግን መንገድ ላይ ሞቶ ቀረ። የተሻረው ሰው መሻሩን ሳያውቅ፣ ስንቅም ሳይላክለት፣ ምሽጉን ሲጠብቅ ኖረ። አጥሩን ያድሳል፣ ጉድጓዱን ያስጠርጋል፣ ዘብ ያስቆማል። ከብዙ ጊዜ በኋላ ተተኪው ወጣት ፍርስራሽ አገኛለሁ ብሎ ሲመጣ ሁሉም ነገር በቦታው ነው። «ማን ነው ቆይ ያለህ?» ብሎ ጠየቀው። «ሂድ ያለኝ የለማ!» አለ አባ ይቆየኝ። ነጋሪቱን አስረከበ። ፈረሱን ጫነው፣ ግን አልተቀመጠበትም። «ዕድሜ ልክህን ተሸከምከኝ፣ አሁን እንኳ ጎን ለጎን እንሂድ» ብሎ ልጓሙን ይዞ በእግሩ ወደ አገሩ መንገድ ገባ።

እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ፖሊሷ ከኮርቻዋ ወረደች፤ ፈረስ ያለው ሰው እንደዚያ ያለ ሲሰማ ኮርቻ ላይ መቀመጥ የሚከብደው መሰለኝ። ሻምበሉ የፈረሱን ስም ጠየቋትና «ሰንደይ» አለችን። «እንግዲያው እርስዎ አባ ሰንበት ነዎት» አሉኝ፣ በሕዝብ ፊት። ጭብጨባው መንገድ ማዶ ድረስ ተሰማ። ጠባቂው ሳይቀር አጨበጨበ፣ ምን እንደሆነ ባያውቅም። ከዚያ ሻምበሉ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከበጋው ወዲህ ወደ «አንቺ» ተመልሰው፣ «ያዝሽው?» አሉኝ።

«ያዝኩት» አልኳቸው።

ደግመው አልነገሩኝም። በማግስቱ አራተኛው ምሽግ ከሳቸው ዘንድ አልነበረም፤ እሳቸውም አልተጨነቁም፣ እንዲያውም ቀለል ብሏቸው ነበር። ሌላውም ሁሉ ቀስ በቀስ ሄደ። ፓርክ ሮያል ሄደ፣ አርችዌይ ሄደ፣ ደረጃው ላይ ያለው ሰልፍ ሄደ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የአረጋውያን ማቆያ ውስጥ፣ የአትክልት ቦታው በሚታይበት መስኮት አጠገብ ይቀመጡ ነበር። እኔ ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ እሄዳለሁ። ማን እንደሆንኩ አያውቁም፤ ግን ትሑት ሰው ስለነበሩ «እንደምን ነሽ፣ እመቤት» ብለው ወንበር ያሳዩኛል። ታሪክ ልንገርዎት ስላቸው ደስ ይላቸዋል።

እነግራቸዋለሁ። የግመሎቹ ተራ ላይ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ጭላዳዎቹ ጋ ስደርስ፣ ሰምተውት እንደማያውቁ፣ እንባቸው እስኪፈስ ይስቃሉ፤ እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ፣ ነርሷ በበሩ ብቅ ብላ ታየናለች። አንድ ጊዜም «ይህን የመሰለ ሰው የማን ዘመድ ይሆን?» አሉኝ። የርስዎ ነው ስላቸው አላመኑኝም።

በመጨረሻው ቅዳሜ እስከ በረሃው ዳር ነገርኳቸው። አባ ይቆየኝ ልጓሙን ይዞ መንገድ ሲጀምር ፈገግታቸው ጠፋና እጄን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

«ከዚያስ? አገሩ ገባ?»

እኔ ይህን አላውቅም። በግቢው ያን ቀን አልተነገረም፤ የሚያውቅ ሌላ ሰውም የለም።

«ገባ እንጂ» አልኳቸው። «በጠራራ ፀሐይ ገባ። ሚስቱ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ፈረሱንም እሷ ናት የተቀበለችው።»

«እሰይ» አሉ ሻምበሉ። እጄን ለቀቁኝና ወንበራቸው ላይ ደገፍ አሉ። «እሰይ። ደክሞት ነበር።»